የረጠበው ግድግዳ

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ዛሬ ጧት እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ግድግዳ ላይ በጣሳ ውሃ ሲረጭ አይቼ ቆምኩ። የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ ሲነካኝ ያ ማክሰኞ ከነብርሃኑ ተመለሰ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሐርጌሳ ከጦርነት ፍርስራሽዋ እየተነሳች ነበር። ጣሪያ በሌላቸው ቤቶች ውስጥ ፍየሎች ይተኛሉ፤ አጠገባቸው አዲስ ቆርቆሮ ዓይን ያጥበረብራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ከተማው በሙሉ በነጭ አቧራ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። የእናቴ ወንድም ጋሼ ጀማል ከኮምቦልቻ መጥተው በዚህች ከተማ ስንት ቤት እንደለሰኑ እሳቸውም አያውቁትም። አስጠግተው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ማክሰኞ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ግራ ጎናቸው ከጎድን አጥንታቸው በታች አብጦ፣ ሁለት ጉርሻ ሳይበሉ እየጠገቡ ሲቸገሩ ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። የጋሼ ሶማልኛ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ስለማያልፍ ሐኪሟ ለእኔ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

«የደም ካንሰር ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት። መቅኒያቸው ነጭ የደም ሴል ያለልክ ያመርታል። ያበጠው ጣፊያቸው ነው። ይህን ኪኒን በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ ይውሰዱ። ቢሻላቸውም እንዳያቋርጡ።»

በእኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለታማሚው ፊት ለፊት አይነገርም። መጀመሪያ ለዘመድ ይነገራል፤ ዘመድ ደግሞ አለዝቦ ያደርሳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዘመዱም አስተርጓሚውም እኔው ነበርኩ። ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተክዬ፣ «ደምዎ ትንሽ ደክሟል፤ እስኪሻልዎ ይህን ይውሰዱ» አልኳቸው።

«እስኪሻልዎ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ያን ማክሰኞ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ወደሚሠሩበት ቤት ሄድኩ። ጋሼ መሰላል ላይ ሆነው ያንጎራጉራሉ፤ ፊታቸው ወዝ አውጥቷል።

«ሐዊዬ! እብጠቱ እኮ ጠፋ። አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ! ኪኒኑን ከተውኩት ሳምንት ሆነኝ።»

«ተዉት?»

«እስኪሻልዎ ብለሽኝ የለ? ተሻለኝ።»

ሻዩን ወደ ብርጭቆ መቅዳት ያዝኩ። ጋሼ ሳቁ። «ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ድምፅዋን እዚያው ትታው መጣች።»

ከመሰላሉ ወርደው ባልዲ አነሱና ከሦስት ቀን በፊት የለሰኑትን ግድግዳ ማጠጣት ጀመሩ። ውሃው ግራጫውን እያጠቆረ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ደርቋል እኮ» አልኩ፣ ዝም ላለማለት ያህል።

«ላይ ላዩን ነው። በዚህ ፀሐይ፣ ጠንክሯል ብለሽ ከዘለልሽው ይሰነጠቃል። ዛሬ አይታይሽም፤ ሰው ከገባበት በኋላ ነው የሚታየው።»

ይህን ሰምቼ እንኳ አልተናገርኩም። ባዶውን ፔርሙዝ አንጠልጥዬ ተመለስኩ። ፍርሃቴን አክብሮት ብዬ እጠራው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

በማግስቱ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ላሖህ፣ ያንን የሶማሌ ስስ የቁርስ ቂጣ፣ ጠቅልዬ እዚያው ቤት ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሐኪሟ ያለችውን በሙሉ አልነገርኩዎትም» አልኩ። ከዚያ ካንሰር የሚለውንም ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው።

እጃቸውን ግራ ጎናቸው ላይ አሳረፉ። «ነጩ ከበዛ ምን ይጎዳል? ሠራተኛ በዛ ማለት አይደል?»

«ሙያውን ያልጨረሰ ሠራተኛ ነው። ቦታውን ሞልቶ ሌላውን ያስወጣል።»

«እንዲህ ያለ ሳይትማ አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግድግዳው ሰባት ቀን ነው የሚጠጣው። የእኔስ?»

«በየቀኑ። ምናልባት ዕድሜ ልክ።»

«ይህን ለማለት ሦስት ወር?» ቆጣ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ላሖሁን ተቀበሉኝ። «በልቼ እንሂድ፣ ሐኪሟ ጋ። ዛሬ ግን አንድም ቃል እንዳትለስኚልኝ።»

ጋሼ አሁን ጢማቸው ነጭ ነው፤ ጧት ጧት ኪኒናቸውን ሲውጡ ብርጭቆውን ወደ እኔ ከፍ ያደርጋሉ። እኔም ለሰው ሳስተረጉም ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አንስቻለሁ፤ ድምፄ ግን አሁንም ቀጭን ነው።

ያን ረቡዕ ጧት እሳቸው በልተው እስኪጨርሱ ባልዲውን አነሳሁ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አጠጣሁት፤ ማዕዘኑንም ሳልዘል።