በደከመ ክንድ ወደ ኮዬ ፈጬ

የጉዞው ሰዎች እነዚህ ናቸው። እኔ ታደሰ፣ አቃቂ ውስጥ በርና መስኮት የምበይድ፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከመጽሐፍ የለቀምኩ ሰው። ባለቤቴ ብርቱካን። የመጀመሪያ ልጃችን ራሔል፣ አግብታ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር። ሰላማዊት፣ ሳሪስ ክሊኒክ ውስጥ አንገቴንና ክንዴን የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። በመጨረሻም የራሔል ልጅ ሶልያና፣ ገና ሁለት ወሯ፣ የጉዞው ምክንያት።

ከአቃቂ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ምን መንገድ ሆኖ ነው የሚጻፈው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ልሄድበት ፈርቼ ሁለት ወር ቆይቻለሁ።

ሕመሙ ከአንገቴ ይነሳል። በትከሻዬ አልፎ በቀኝ ክንዴ ይወርድና አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ላይ ይቆማል። ሽፋኑ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ እንደመንካት ነው። ሲለው ለወራት ይጠፋል፤ ድኛለሁ ስል ይመለሳል። ባለፈው ክረምት ሲመለስ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ድካም ይዞ መጣ። የምበይድበት ፒንሳ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው» አሉኝ። ሐኪሙ በአንገቴ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ ተጭኗል አለኝ። ብርድ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ ለብርድ ጋቢ አለ።

ራሔል በወለደች ሰሞን አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ሕፃኗን ልታቀብለኝ ዘረጋችልኝ። በዚያው ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰብሮ ነበር። ፈራሁ። መፍራቴን ከምናገር ግን «ሕፃን መታቀፍ የሴት ሥራ ነው» አልኩና ክንዴን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ። ብርቱካን እውነቱን ታውቃለች፤ እንዳትናገር ቃል አስገብቻታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ አንቱ ትለኛለች።

ራሔል አፏን ከፈታች ጀምሮ «አባዬ፣ አንተ» ስትለኝ ያደገች ናት። ልጆቼን በብዙ ነገር እቆጣለሁ፤ በዚህ ተቆጥቼ አላውቅም። አሁን ስትደውል «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ትለኛለች። አክብሮት ቢሆን ባልከፋኝ፤ የተዘጋ በር ነው። የበር ነገር ደግሞ ሥራዬ ነው፤ ገርበብ ያለውንና የተቆለፈውን እለያለሁ። «ሴት ስለሆነችበት ነው ያላቀፋት» ብላ እንዳለቀሰችም ብርቱካን ነገረችኝ።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። መጀመሪያ ሳሪስ ለሕክምናዬ፣ ከዚያ ኮዬ፣ ሶልያናን ታቅፌ ልመለስ።

ብርቱካን የሸሚዜን ቁልፍ እየቆለፈችልኝ፣ «ዛሬ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ» አለች።

«ቃልሽስ?»

«ቃሌ አርጅቷል።»

ከአቃቂ ወደ ሳሪስ

በግራ እጄ መደገፊያውን ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። እስከ ቃሊቲ ድረስ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት ነበር። ኮንቴይነር የጫነው ሲሚንቶ የጫነውን፣ እሱም ባዶውን እየተከተለ ይሳባል፤ በመካከላቸው የእኛ ታክሲ እንደ ፍየል ይሹለከለካል። ሾፌሩ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር አንገቴ ክንዴን ይጠራዋል። ከጎኔ የተቀመጡት ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። «አንገታችሁን ቀና አድርጉ፣ እኔን እዩ» ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ሰው በታክሲ ውስጥ ምክር አይወድም።

ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ሠላሳ ብሩን በግራ እጄ ዘረጋሁለት።

«አባት፣ በግራ? በጠዋት ገበያዬን ሊያበላሹት ነው?»

ልጆቼን በግራ እጅ ለሰው አይሰጥም እያልኩ ያሳደግሁ እኔ ነኝ። «ቀኙ ዕረፍት ወጥቷል» አልኩት።

«በደመወዝ ነው ያለ ደመወዝ?» ሲለኝ ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ክንዴ ለማላውቀው ሰው እንዲህ በቀላሉ ተናግሬ፣ ለልጄ መናገር አቅቶኝ እንደነበር ያን ጊዜ ታየኝ።

ሳሪስ

ክሊኒኩ ከአንድ የጫማ ሱቅ በላይ ነው። የአንዱ ቀን ሕክምና አምስት መቶ ብር ነው። ሰላማዊት አገጬን ወደ ኋላ እየሳብኩ አንገቴን እንዳቀና ካሠራችኝ በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ዛሬ ስለ ሕመሙ አልጠይቅዎትም። ማንሳት ያቃተዎት ምንድን ነው?»

«ብረት።»

«ሌላስ?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየሁ።

«ሌላስ፣ አባቴ?»

«የልጅ ልጄን፣ ሶልያናን።»

ለልምምድ የምትጠቀምበትን የአሸዋ ከረጢት በፎጣ ጠቀለለችና መጣች። «ቆመው፣ እጅዎን ዘርግተው አይቀበሏት። ይቀመጡ። ክርንዎን ትራስ ላይ ያሳርፉ። እሷ ወደ እርስዎ ትምጣ፤ እርስዎ ወደ እሷ አይንጠራሩ።» ከረጢቱን ደረቴ ላይ አስጠጋችልኝ። «ጣትዎ መደንዘዝ ሲጀምር ወዲያው ይናገሩ።»

«እናገራለሁ።»

«አይናገሩም። ፊትዎ ያስታውቃል።»

ስወጣ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሊመጣ እንደሚችል አልደበቀችኝም። ድካሙ ከባሰብኝ ወይም እግሬ ከተሳሰረ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ። ጥሩ ዜና ባይሆንም እውነቱን ስለነገረችኝ ደስ አለኝ።

ወደ ኮዬ ፈጬ

ከክሊኒኩ በታች ካለ ሱቅ በስድስት መቶ ሃምሳ ብር አንድ ትልቅ ጥቅል ዳይፐር ገዛሁ። ባለሱቁ በቀኝ እጄ ሊያስይዘኝ ሲል ግራዬን ሰጠሁት። በቱሉ ዲምቱ በኩል ታክሲ ቀይሬ አርባ ብር ከፈልኩ። ከቱሉ ዲምቱ በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ሕንፃዎቹ ከሩቅ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፤ በመካከላቸው እዚህም እዚያም ያልተነካ የጤፍ ማሳ ይታያል። መንገዱን ሁሉ ለራሔል የምነግራትን ሳዘጋጅ ቆየሁ። ተረት ያለበት፣ ምክር ያለበት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ እውነቱ ብቅ የሚልበት ረጅም ንግግር ነበር።

አራተኛ ፎቅ

ሊፍት የለም። ዳይፐሩን በግራ እጄ ይዤ፣ በየወለሉ እያረፍኩ ወጣሁ። ራሔል ከፈተችልኝ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ይግቡ።»

ጎረቤቷ እትዬ ዘነበች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ወይ ጨዋነት! በዚህ ዘመን አባቷን አንቱ የምትል ልጅ! አቶ ታደሰ፣ ምን እያበሉ ነው ያሳደጓት?»

«ቁጣ» አለች ራሔል።

እትዬ ዘነበች ከልባቸው ሳቁ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ። ትንሽ ቆይተው ተሰናብተውን ወጡ። ሶልያና ነቅታ አልጋዋ ላይ እጆቿን ታወናጭፋለች፤ ሁለቱም እጆቿ ደኅና ናቸው።

«እስቲ ልቀፋት» አልኩ።

ራሔል ወደ እኔ ሳትዞር ዳይፐሩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። «ግድ የለም፣ አባባ። የሴት ሥራ ነው ብለዋል። እሷም ሴት ናት፤ ምን ያደክምዎታል?»

ያ ሁሉ ንግግሬ ጠፋብኝ። «ትራስ አምጪ» ብቻ አልኩ።

«ሊተኙ ነው?»

«አይደለም። መጀመሪያ እጄን ያዢ።»

ግራ ገብቷት መጣችና ቀኝ እጄን ያዘች።

«ምንድን ነው? ይጨብጡኛ!»

«እየጨበጥኩሽ ነው፣ ልጄ። ያለኝ ይኸው ነው።»

እጄን ገልብጣ አየችው፤ መልሳ አየችኝ። ከዚያ የተሰበረውን ብርጭቆ፣ የሚወድቀውን ፒንሳ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። «ሴት ስለሆነች አይደለም ያላቀፍኳት። ከእጄ እንዳትወድቅብኝ ነው።»

እጄን ለቀቀች። ከዚያ፣ «አንተ!» ብላ ጮኸች። ሶልያና ደነገጠች። «አንተ ሰውዬ! ሁለት ወር ሙሉ! እኔ እዚህ ስቃጠል አንተ አፍህን ይዘህ ትቀመጣለህ? እማዬም ታውቃለች?»

«እናትሽን ተያት። ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

«እሷን በኋላ አገኛታለሁ!»

ሌላ ቀን ልጅ አባቷን «አንተ ሰውዬ» ብላ ስትጮህ ብሰማ፣ ስለ ዘመኑ ልጆች አንድ ሙሉ ገጽ እጽፍ ነበር። ያን ቀን ግን ደግማ እንድትለኝ ፈለግሁ። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ «እንዴት ነው ታዲያ የምትይዛት? አሳየኝ» አለች።

ተቀመጥኩ። ትራሱን ከክርኔ ሥር አደረገችልኝ። ሶልያናን ዝቅ አድርጋ ደረቴ ላይ አስጠጋቻት። ክብደቷ ከአንድ ካርቶን የብየዳ ኤሌክትሮድ አይበልጥም፤ ይህን ያህል ተጠንቅቄ የያዝኩት ኤሌክትሮድ ግን የለም። ግንባሯን ቋጥራ አየችኝ። ራሔል ሳቀች፤ «ያንተን ቁጣ ወርሳለች።»

ጥቂት ቆይቶ አውራ ጣቴ መደንዘዝ ጀመረ። ልማዴ ጥርስን ነክሶ መቻል ነው። የሰላማዊት ቃል ትዝ አለኝ።

«ውሰጃት» አልኩ።

«ደከመህ?»

«ደከመኝ።»

ይህን ቃል ለልጄ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሕፃኗን ወሰደች። «ዕረፍና ደግመህ ትይዛታለህ» አለችኝ። ዐርፌ፣ ደግሜ ያዝኳት።

መልስ

ፀሐይ ሳትጠልቅ በአርባ አምስት ብር አቃቂ ተመለስኩ። ክንዴ ያው ነው፤ በሁለተኛው ታክሲ ሕመሙ እስከ ጣቴ ወርዶ አብሮኝ ተጓዘ። ነገም ይመጣ ይሆናል። ልጆቼን ችግርን በትከሻችሁ ተሸከሙ እያልኩ መክሬያለሁ፤ ምክሩን አልመልሰውም። አሁን የምጨምርበት አለኝ፤ ሸክሙ የሚከብድበትን ሰዓት ሳይደብቁ መናገርም የመሸከም አንዱ ክፍል ነው። ሰው ድካሙን ሲደብቅ፣ የሚወዱት ሰዎች ባዶውን ቦታ በክፉ ሐሳብ ይሞሉታል።

ብርቱካን ሸሚዜን ስታወልቅልኝ ቀኝ እጅጌዬን ነካችው። «እርጥብ ነው። ምንድን ነው?»

«ሶልያና ናት።»

ልታጥበው ስትወስድ፣ «እስከ ነገ ተይው» አልኳት።

ጉዞው ሁላችንንም ያስከፈለን ሲደመር ይህ ነው። እኔን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ብርና ኩራቴን። ብርቱካንን አንድ ያረጀ ቃል። ራሔልን የሁለት ወር እንባ። ሶልያናን አንድ ዳይፐር።