ስፒከሬን ማን አፈነው?

ዛሬ አንድ ኖርዌጂያዊ ጠጋኝ፣ እዚሁ አገሩ ሃውገሩድ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ ስፒከሬን ጠገነልኝ።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሳራ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንዲት ቃል እንዳታሳምሪ ብያታለሁ።

የስፒከሩን ፋብሪካ ታሪክ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አልናብሩ የሚባል ሰፈር መጋዘን ስሠራ የፋብሪካውን ዕቃ በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ። መጀመሪያ የእንጨት ሬዲዮ ነበር የሚሠሩት፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፤ ስፒከሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ጡረታ ስወጣ ሁለት ትልልቅ ገዛሁ።

ድምፁ ግን ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚዘምር ሰው ነው። ሳራ «አባባ፣ ጆሮህ ነው፤ ሐኪም ይይህ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። በቀረችኝ ዕድሜ መዝሙር ሳልሰማ ልኖር ነው?

«ያረጀው ፋብሪካው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» ብዬ ጠጋኝ አስጠራሁ።

ሰውየው መጀመሪያ ስፒከሩን የሸፈነውን የባለቤቴን ዳንቴል አነሳ። ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ አለ። ከጨርቁ ሥር ደግሞ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣው ፕላስቲክ፤ እንዳያረጅብኝ ብዬ ስድስት ዓመት ያልገፈፍኩት።

ሁሉንም ገፎ ሲከፍተው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ!

ባለቤቴ አስቴር ከማድቤት «መዝሙር ስትከፍት አውልቀው ብዬህ አልነበር? መቼ ሰምተኸኝ!» አለች። ሳራ በሳቅ ወደቀች።

ጆሮዬ ደህና ነው፤ ጭንቅላቴን እንጃ።

እናንተስ፣ እንዳያረጅ ብላችሁ ሸፍናችሁ ጉድ የሠራችሁት ዕቃ የለም? ጻፉልኝ፣ ሳራ ታነብልኛለች።

የሪሞቱን ፕላስቲክ ግን ማንም እንዳይነካብኝ።