ምንም ያልወጣበት መጅሊስ

እናቴ «ምንም አልወጣበትም» የምትለው መጅሊስ አሥራ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሽልንግና አንድ የፎርም ዋን፣ የዘጠነኛ ክፍል፣ ቦታ ወስዷል፤ ሽልንጉ የአባቴ ነበር፣ ቦታው የእኔ። ልረሳው ስል ሽታው ያስታውሰኛል። ኢስሊ ውስጥ ካለው ሱቄ ፊት ለፊት ሰልባጅ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ ጠዋት ጠዋት አዲስ ቦንዳ ቆርጠው ሲከፍቱ ያ የብል መድኃኒትና የታመቀ ጨርቅ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና፣ እኔም የጨርቅ መለኪያዬን እንደያዝኩ መልሼ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ እጄ ላይ ምላጭ፣ ከፊቴ የተተረተረ ትራስ።

ያኔም የምንኖረው እዚሁ ኢስሊ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል ቤት ነበር። አባቴ ወደ ሞያሌ እየተመላለሰ ይነግድ ስለነበር ወር ሙሉ ጠፍቶ ለሦስት ቀን ይመጣል፣ እናቴ ዘይነብ እኔንና ታናሽ እህቴን ፈቲያን ይዛ ቤቱን ትጠብቃለች። አባቴ ከቁጥር በቀር ማንበብ አይችልም ነበር። በመጣ ቁጥር ጫማውን ሳያወልቅ በፊት ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አውርዶ ለእኔ ትምህርት ያመጣውን ይከትበትና፣ «ጉምሩክ ላይ ወረቀት የሚያነብልኝ የራሴ ሰው እፈልጋለሁ» ይለኝ ነበር። ውስጡ ያለውን ግን አይቆጥርም። ሚስቱን ያምን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በኢድ ነው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ እትዬ ሩቅያ የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ ባለቤቷ የጭነት መኪና ስላለው ድምፅዋም እንደ መኪናው ከፍ ያለ ነው። ለኢድ ልንጠይቃት ስንገባ ያረጀው ሶፋዋ ጠፍቶ፣ ሳሎኑን ዙሪያውን ወይን ጠጅ መጅሊስ፣ ፍራሹ ከነትራሱ፣ የወርቅ ቀለም ዘርፍ ያለው፣ ተዘርግቶበት አገኘነው። ማንም ሳይጠይቃት «አሥራ አራት ሺህ ነው፣ ከነማድረሻው» አለች። እናቴን ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ስታያት ደግሞ «ተደላድለሽ ተቀመጪ እንጂ ዘይነብ፣ አይበላሽም» ብላ ጨመረችበት።

ደረጃውን ስንወጣ እናቴ ቀደመችኝ። በራችንን ከፍታ፣ የራሳችንን ጠባብ ሳሎን ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ጋር ቆማ አየችውና፣ «አሥራ አራት ሺህ ለጨርቅ። እኔ ከወዳደቀው እሠራዋለሁ፣ ምንም ሳላወጣ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የተናገረችውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የሚተርፈው አሥራ አራት ሺህ ያንተ ነው ጀሚ። ፎርም ዋን ትገባበታለህ።» እኔም ልጅ ነበርኩና ያልወጣ ገንዘብ የገባ ገንዘብ መሰለኝ።

ያንን በጋ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ከእናቴ ጋር እንጨት ፍለጋ እንወጣ ነበር። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ዕቃ የሚጫንባቸው ፓሌቶች ተጥለው ይገኛሉ፣ ለመደቡ የሚሆኑ። ነፃ ናቸው። ነፃ መሆናቸውን ያልሰማው ዘበኛው ብቻ ነበርና የሻይ ተሰጠው፣ ለጋሪ ገፊው ተከፈለ፣ አራት ፎቅ ለተሸከሙት ሁለት ልጆች ተከፈለ፣ ከዚያም እንጨቱ እሾሃም ስለሆነ የሚልገው አናጢ፣ እዚህ ፉንዲ የሚሉት፣ ተጠራና ለእሱም ተከፈለ። ለትራሱ መሙያ የማይሸጥ ሰልባጅ፣ እጅጌው የጠፋ ካፖርት፣ ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ፣ ነጋዴዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት «ውሰጂው እማማ» ብለው ሰጧት፣ በሁለተኛው ሳምንት እንደምትፈልገው ሲያውቁ በኪሎ መዝነው ሸጡላት። የንግድን የመጀመሪያ ትምህርት የተማርኩት እዚያ ነው፤ የወዳደቀ ነገር ፈላጊ ሲያገኝ ዋጋ ያወጣል። ለዚህ ትምህርት ዩኒፎርም አያስፈልግም።

በእያንዳንዱ ወጪ እናቴ ቆርቆሮውን ታወርድና፣ «ከሚተርፈው እንመልሰዋለን» ብላ ታወጣ ነበር። ክር የምገዛው እኔ ነበርኩ፣ ሚስማር የምገዛው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ አላየሁም ማለት አልችልም።

ትልቁ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከቤት መውጣት ስለማይቻል፣ ማታ ማታ መሬት ላይ ተቀምጠን ጨርቅ እንተረትር ነበር፣ ፈቲያ ቁልፎቹን እየለየች በቀለም በቀለም ታስቀምጣለች፣ እናቴ የኪራይ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች ስለ አገሯ ስለ ወሎ ትተርካለች። እውነቱን ለመናገር ከልጅነቴ ሁሉ እንደዚያ ዓመት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። እናቴ እጇ ጥሩ ነበር። አንድ ካፖርት አንስታ ዞር ዞር አድርጋ አይታ፣ የቱ ለትራሱ ፊት የቱ ለሆዱ እንደሚሆን ስትወስን ሐኪም ትመስለኝ ነበር። ዝናቡ ግን ጣራ ላይ የተሰጣውን መሙያ አበሰበሰው፣ ሸተተ፣ ግማሹ ተጣለ፣ በምትኩ ሌላ ተገዛ።

በብርዱ ወራት፣ ሰማዩ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ከተማው ላይ ሲጣል፣ የተሠሩት ትራሶች መጎርበጥ ጀመሩ። ጨርቅ እንደ ስፖንጅ አይደለም፣ ሲቀመጡበት ይሸሻል፣ መሃሉ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ከላይ የሚነጠፍ ስፖንጅ ተገዛ። ማልበሻው ጨርቅ ደግሞ ርካሽ ስለነበር ቀለሙን ለቆ የፈቲያን ነጭ ቀሚስ አቀላው፣ ሌላ ማልበሻ ተገዛ። እኔ በዚያ መሃል ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አጠና ነበር፣ ጀርባዬን ባልደረቀ ቫርኒሽ ላይ እንዳላስደግፍ እየተጠነቀቅሁ።

ፈተናውን ጨርሼ ብዙ ሳይቆይ ኢድ ደረሰ፣ አባቴም ከሞያሌ ገባ። በየወሩ ሲመጣ እንጨትና ክምር ጨርቅ ብቻ ሆኖ ያየው መጅሊስ ተዘርግቶ ጠበቀው፤ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩን በሰማያዊ የተቀመቀመ፣ በየትራሱ ፊት ላይ ከድሮ ልብስ የወጡ ቁልፎች እንደ አበባ የተተከሉበት። እትዬ ሩቅያ እንኳ መጥታ በእጇ ዳስሳ፣ «ይኼማ ከሱቅ ነው» ብላ ሄዳለች። አባቴ በዝግታ ተቀመጠ፣ ተደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ስንት ወጣበት?» አለ።

«ምንም» አለች እናቴ። «ከወዳደቀ ነው የሠራሁት።»

አባቴ ነጋዴ ነውና ወደ እኔ ዞረ። «ጀማል፣ እናትህ እውነቷን ነው?»

እናቴ አላየችኝም፣ የትራሱን ጫፍ ታስተካክል ነበር። እኔ በእጄ ስንት ጥቅል ክር እንደገዛሁ አውቃለሁ። ሆኖም ቤቱ አምሮ ነበር፣ አባቴ ደክሞት ነበር፣ የሚተርፈውም የእኔ ነው ተብያለሁ።

«አዎ አባ፣ ምንም» አልኩት።

አባቴ ሳቀና በሚቀጥሉት ቀናት ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ሚስቴ ከቆሻሻ ቤት ሠራች» እያለ ሲያወራ ከረመ። ቆርቆሮው ሙሉ ነው ብሎ ስላመነ፣ እጁ ላይ የነበረውን ገንዘብ አንድም ሳያስቀር ይዞ ሄዶ ሞያሌ ላይ ዕቃ ገዛበት። ዕቃው ድንበሩ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመ። ለምን እንደቆመ የሚገልጽ ወረቀት ነበረ፣ የሚያነብለት ሰው አልነበረውም።

ውጤቴ ጥሩ መጣ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ደረሰኝ። እናቴ ደስ ብሏት የትምህርት ቤቱን አረንጓዴ ሹራብ፣ ግራጫ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ከጊኮምባ ገበያ አሮጌውን ገዝታ አጥባ ተኩሳ፣ አርማውን በእጇ ሰፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችልኝ። ከዚያ አባቴ ስልክ ደውሎ «ከቆርቆሮው ክፈሉ» አለ። እናቴ ቆርቆሮውን አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ስትገለብጠው ሃያ ሺህ መኖር ነበረበት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ነበር የወደቀው። ቆርቆሮውን ደግማ አራገፈችው። እንደ እኔው እሷም የምር እንደሚተርፍ አምና ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ሁለት ሳምንት ዘግይቶ መግባት ይቻላል» አለችኝ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልፍ «ለሚቀጥለው ተርም» አለች። እኔም አመንኩ፣ ምክንያቱም ዩኒፎርሙ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ቁም ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ይዛለች፣ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ በየትምህርት ቤታቸው ገብተው መንገዱ ባዶ ሲሆንብኝ፣ ሳሎን ገብቼ መጅሊሱ ላይ ተጋድሜ ሹራቡን ለብሼ አውቶብስ ስሳፈር አልም ነበር።

በአረፋ ዕለት ከእንግዶቹ የአንዷ ልጅ ሻይ አፈሰሰ። መሃለኛው ትራስ ላይ ነበር፣ በቅርቡ ጎድጉዶ እናቴ እንደገና የሞላችው። በማግስቱ እናቴ ገበያ ስትሄድ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት አጥቤ ላስደስታት ብዬ ምላጭ አንስቼ ስፌቱን ተረተርኩት። መጀመሪያ የመጣው ጥቁር ካፖርት ነው። ቀጥሎ አረንጓዴ እጅጌ ወጣ። ስስበው ደረቱ ተከተለ፣ አርማው እንደተሰፋ ነው። ሱሪው ለሁለት ተቀዶ ነበር። ትራሱን ገልብጬ ፊቱን አየሁት፤ ከአረፋ በፊት ጀምሮ ጀርባዬን የማስደግፍባቸው አራት ነጫጭ ቁልፎች የሸሚዜ ነበሩ።

እናቴ ስትገባ መሬት ላይ ደርድሬ ጠበቅኋት። ዘንቢሏን አስቀመጠች።

«ለሚቀጥለው ተርም ብለሽኝ አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«መቼ ነው የቀደድሽው?»

ጫማዋን አወለቀች። «ትምህርት የተከፈተ ሳምንት» አለች። «ጨርቅ ነው ልጄ። ዝም ብሎ ከተሰቀለ ብል ይበላዋል።»

አልጮህኩም። እሷም አላለቀሰችም። ተቀምጣ፣ ያወጣሁትን አንድ በአንድ እያጠፈች መልሳ ከተተችና፣ ክር እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች። አቀበልኳት። አባቴ ከሞያሌ ሲመለስ ገንዘቡ የት እንደገባ እኔ አልነገርኩትም፣ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ አንዴ መስክሬለት ነበርና። በሳምንቱ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ጥቅል መሸከም ጀመርኩ።

ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ፣ የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁርሊንግሃም በኩል ጥሩ ደሞዝ ያላቸው ሴቶች ይመጣሉ፣ ስልካቸው ላይ ከፓሌት የተሠራ ሶፋና ከአሮጌ ጂንስ የተሰፋ ትራስ ያሳዩኛል። ባለፈው አንዷ «ወንድም ጀማል፣ ራሴ ብሠራው ቺፕ አይሆንም?» አለችኝ። «ይረክሳል እህቴ፣ ካልቆጠርሽው» አልኳትና ክር፣ ስፖንጅ፣ ዚፕ፣ ሦስት ዓይነት ማልበሻ ጠቀለልኩላት። ተመልሰው ሁለተኛ ማልበሻ የማይገዙ እስካሁን አላጋጠሙኝም። ከቆጣቢ ሰው የተሻለ ደንበኛ የለም።

ለእናቴ ሳውዝ ሲ ሰፈር ቤት ተከራይቼላታለሁ። ከሱቄ ምርጡን መጅሊስ አሠርቼ ልወስድላት ብል «ያለኝ ይበቃኛል፣ ገንዘብ አታባክን» አለችኝ። አረንጓዴው እዚያ ሳሎኗ ውስጥ ተዘርግቷል፣ ማልበሻው ስንቴ እንደተቀየረ እንጃ፣ ሆዱ ግን ያው ነው። እሁድ እሁድ ስሄድ ከመሃለኛው ትራስ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። እንግዳ ካለ ያወድሰዋል፣ እሷም «በእጄ ነው የሠራሁት፣ ምንም አልወጣበትም» ትልና አንዳንዴ ወደ እኔ ትዞራለች፣ እኔም እንደ ልጅነቴ «ምንም» እላለሁ።

የእትዬ ሩቅያ መጅሊስ አሥራ አራት ሺህ ነበር። የእኛ አሥራ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ። ፎርም ዋን አልገባሁም።