የሊን መጽሐፍ የመጀመሪያ ቃል

ባለፈው ሳምንት ልጄን ሳራን ሳን ሆዜ ጠይቄ ወደ ኦክላንድ ስመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት ወጣት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ ግማሹን በሌላው መዳፏ ሸፍናዋለች። ዓይኗን ጨፈን ታደርግና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ከዚያ መዳፏን ታነሳና ታያለች። ልክ ስትሆን ለራሷ ራሷን ትነቀንቃለች። የእንግሊዝኛ ቃል እያጠናች ነው። እንዲህ የሚያጠና ሰው ድሮ አውቅ ነበር። ጆሮዬን ወደሷ ጣል ሳደርግ፣ «አባንደን» ስትል ሰማኋት። «አባንደን፣ አባንደን።»

እጄ ሳላዘው አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ዳሰሰ፤ ልጅ የሚፈልግ ይመስል። ሳራ እኮ ዛሬ ከኔ በቁመት የምትበልጥ ሴት ናት።

ያን ቃል ከአስቴር አፍ የሰማሁት ሳራ ትንሽ ልጅ ሳለች ሳን ሆዜ፣ እሷው ቤት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሳህን ሳደርቅ ነው። አስቴር የባሌ ታላቅ እህት ናት። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ ከባሌ ጋር ታወራለች። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ያን ሰሞን ኔቫዳ ነበር። በአማርኛ ይጀምሩና እኔ ስገባ ወደ እንግሊዝኛ ያዞሩታል፤ ይሄን ለምጄዋለሁ። እዚህ አገር እኛ ሐበሾች ልጆች እንዳይሰሙን አማርኛ እናወራለን፣ አዲስ መጪ እንዳይሰማን ደግሞ እንግሊዝኛ። አስቴር ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። እኔ ለሷ ከጎኔ እንደቆመው ማቀዝቀዣ ነበርኩ። «ነገ ትሄዳለች» አለች በእንግሊዝኛ። ቀጥላ ትንሽ አወራችና ያንን ቃል ተናገረች። አባንደን።

ተረት ቢሆን ሳህኑ ከእጄ ወድቆ ይሰበር ነበር። አልወደቀም። ይበልጥ እያሸሁ አደረቅሁት።

የቃሉን ትርጉም እንደማውቅ አስቴር አልጠረጠረችም። እንዴትስ ትጠርጥር? ሰበታ ከአራተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጬ፣ ባሌ ዲቪ ሲደርሰው ሕፃን ታቅፌ ተከትዬው የመጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ ሥራ ብሎ ከቤት ሲርቅ፣ ከራቀም በኋላ ስልኩ እየሳሳ ሲሄድ፣ የያዘችን አስቴር ናት። ያኔ «እትዬ» ብዬ፣ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራት። እውነቱን ልናገርና ደግ ነበረች። የሳራን ፀጉር እሷ ነበረች የምትሠራት። የልብስ ማጠቢያውን ቁልፍ አንድ በአንድ ያሳየችኝ፣ ስታመም አጥሚት ያጠጣችኝ እሷ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ ሳራን አቅፋ ስትተኛ ሳይ፣ አምላክ ካሳት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ መኸር፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ሥራ አገኘሁልሽ አለችኝ። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት አሮጊት ዳሌያቸውን ተሰብረው ኖሮ አብሯቸው እየኖረ የሚረዳቸው ሰው ይፈልጋሉ። «ልጅ አይፈቀድም፤ ሳራን ግን እኔ እይዛታለሁ» አለች። «እኔ እያለሁ ሳራ በፍጹም አትቸገርም። ሁልጊዜ እናቷ ነኝ።» በእረፍት ቀኗ አውቶቡሱንም ባቡሩንም አብራኝ ተሳፍራ፣ የምወርድበትን ጣቢያ፣ የምታጠፍበትን መንገድ እያመለከተች እስከ በሩ አሳየችኝ። እጇን ልስም ጎንበስ ስል «አይ ጥሩዬ!» ብላ ቀና አደረገችኝ።

አስቴር ከቤቷ ጀርባ ያለውን ጋራዥ ክፍል አድርጋ ታከራየው ነበር። ተከራይዋ ሊን የምትባል ቻይናዊት ናት። በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ለማስተርስ መግቢያ ፈተና ተቀምጣ፣ እንግሊዝኛው ጣላት። ኩፐርቲኖ ምግብ ቤት ያላት አክስቷ «ነይ፣ እያገዝሽኝ እንግሊዝኛሽን ታሻሽያለሽ» ብላ አመጣቻት። «መጣሁ» ትለኛለች ሊን፣ «ኩሽናው ውስጥ ድስቱ ሳይቀር ቻይንኛ ነው የሚናገረው!» እንግሊዝኛ የሚያናግራት ሰው ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው እኔን ነው። ዕውር ዕውርን ሲመራ ማለት እኛ ነበርን። ቃል ሲያጥረን በእጅ፣ እጅ ሲያጥረን በሥዕል እንግባባለን።

አስቴር ሳኒቬል በአረጋውያን መኖሪያ በማታ ፈረቃ ትሠራ ስለነበር ጠዋት ትተኛለች። እኔና ሳራ ጠዋት ጠዋት ወደ ጋራዡ እንሄዳለን። ሊን ቲማቲም በእንቁላል ትሠራልናለች፤ የኛው እንቁላል ፍርፍር ነው፣ ስኳር ጣል ታደርግበታለች እንጂ። ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ቲማቲም የሚመስል ብርቱካንማ ፍሬ ትለቅማለች፤ ሲበስል ማር ነው፣ ሳይበስል የበሉት እንደሆነ ግን ምላስን ጨምድዶ ይይዛል። ሳራ አፏን እስክታጨማልቅ ትበላለች። ከዚያ የሊን የፈተና ማጥኛ መጽሐፍ ይከፈታል።

መጽሐፉ ቃላቱን የሚደረድረው በፊደል ተራ ነው። የመጀመሪያው አባንደን ነው። ሊን ልታስረዳኝ የሳራን አሻንጉሊት ከእጇ ወሰደችና መሬት ላይ አስቀመጠቻት፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዞር ብላ ሳታይ ከክፍሉ ወጣች። ሳራ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሮጣ ሄዳ አሻንጉሊቷን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ያን ቃል ያን ቀን አወቅሁት። ጥሎ መሄድ ነው። ሊን ተመልሳ እየሳቀች፣ «በአገሬ ይሄን መጽሐፍ የገዛ ሁሉ ይቺን ቃል ያውቃታል» አለችኝ። «ብዙው ሰው እዚችው የመጀመሪያዋ ላይ ነው መጽሐፉን ጥሎት የሚሄደው።»

ቃሉን ስንጨርስ ወደ ንባብ እንሄዳለን። እሷ ጽሑፉን ቀስ ብላ ታነባለች፤ ጥያቄውን ከነአራት ምርጫው ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ብቻቸውን ስለሚኖሩ አዛውንቶች የሚያወራ ነበር።

«ጸሐፊው እነዚህ ሰዎች እንዴት ናቸው ይላል?»

«ያሳዝናሉ» አልኩ።

«ደስተኞች ናቸው ነው የሚለው።»

«ውሸቱን ነው!»

«ውሸትም ቢሆን መልሱ ‹ቢ› ነው። ማማ ሳራ፣ አንቺ የምታውቂውን ማን ጠየቀሽ? ጽሑፉ ያለውን ፈልጊ።»

ብልሃት ነበራት። «ምርጫው ውስጥ ‹ሁልጊዜ› ወይም ‹በፍጹም› የሚል ካየሽ ተጠራጠሪ» ትለኛለች፤ «ፈተና አውጪዎች ለማጥመጃ ነው የሚያስገቡት።» ደግሞም፣ «አንድ ቃል ስላወቅሽ መልሱን አገኘሁ እንዳትዪ። ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እዪ፣ ከታች ያለውን እዪ።» እኔ ማስተርስ የምገባ ይመስል በዚህ ሁሉ እደክም ነበር። ልጅነት ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያስተምረኝ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ኩሽና ውስጥ ያን ቃል ስሰማ፣ ሊን እንዳስተማረችኝ አደረግሁ። አንድ ቃል ነው፣ ምናልባት ስለ ሌላ ነው አልኩና ሳህኑን እያሸሁ ከላይ ያለውን አስታውሼ ከታች የሚመጣውን ጠበቅሁ። ከላይ «ነገ ትሄዳለች» ነበር። ከታች የመጣው ደግሞ ይሄ ነው፤ ቃል በቃል ሁሉም አልገባኝም፣ የገባኝ ግን በቃኝ። እናትየዋ ልጅቷን ጥላ ሄደች እንላለን። ለፍርድ ቤትም እንዲህ ትላለህ። ሊንም እንዲሁ ትላለች። ሳራ ከኛ ጋር ትቀራለች።

ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገለበጠችውና ስልኩን ዘጋች። «ጥሩዬ፣ ዓይንሽ ቀላ» አለችኝ።

«ሽንኩርቱ ነው እትዬ» አልኳት።

ሥራ መሄጃዋ ሲደርስ ለአሮጊቷ የምወስደውን በርበሬና ሽሮ በላስቲክ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ሳራን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳመቻት። «ነገ እኔው አደርስሻለሁ፤ ምንም እንዳታስቢ» አለችና መኪናዋን አስነስታ ሄደች። መስኮቱ ጋ ቆሜ ታጥፋ እስክትሰወር አየኋት። ብትመታኝ፣ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠጣችኝ አጥሚት ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ቆመ።

ሳራን አዝዬ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሊን መጽሐፏ ላይ አቀርቅራለች።

«አስቴር ምን ብላሻለች?» አልኳት።

ቀና አለች። ፊቴን አየችና መጽሐፉን ዘጋችው። «ሰው ደውሎ ከጠየቀኝ፣ እናትየዋ ጥላት ሄደች በይ አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ቤቱ የሷ ነው ማማ ሳራ። ብታስወጣኝ የት እሄዳለሁ? እሺ አልኩ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

ባለፈው ሳምንት! ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንቁላሉን ሠርታልናለች፣ ጽሑፉን አንብባልኛለች፣ ስሳሳት ስቃብኛለች፣ ለሳራ ፍሬ ልጣለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝ» አለች።

ያን ሁሉ ቃል የሸመደደች ልጅ! አሻንጉሊቷን መሬት አስቀምጣ መሄድ የምታውቅ ልጅ! ሳራን እንዳዘልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከአስቴር ይልቅ የሷ ነው ያን ሰዓት የቆረጠኝ። ከአስቴር ጋር ዝምድና ነበረን፤ ሊንን ግን እኔው ነኝ ወድጄ ያመንኳት።

ሻንጣዬ ለነገ ተዘጋጅቷል። የሳራን ልብስ ከላዩ ጠቀጠቅሁበት። አስቴር ያሳየችኝ መንገድ በጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ ለወጥመድ ያስጠናችኝን መንገድ ለመውጫ ልጠቀምበት ነው። ሊን ሳልጠይቃት የሳራን ጋሪ እየገፋች እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተከተለችኝ። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ አስፋልቱ አቧራ አቧራ ይሸታል። አውቶቡሱ ሲመጣ ለሳራ አንድ ፍሬ አስያዘቻት። «ከጠየቁኝ፣ ከእናቷ ጋር ሄደች እላለሁ» አለችኝ።

«እስቲ እናያለን» አልኳትና ተሳፈርኩ።

ያኔ ባቡሩ ሳን ሆዜ አልደረሰም ነበር፤ አውቶቡሱ ፍሪሞንት አውርዶን ከዚያ ነው የያዝነው። ያንን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በር በተከፈተ ቁጥር አስቴር የምትገባ ይመስለኛል። ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን እላለሁ? የራሴን ልጅ ይዤ እንደ ሌባ ተሸማቅቄ ተቀመጥኩ። ሳራ ፍሬዋን ነክሳ ፊቷን አኮሳተረች፤ ሳይበስል ኖሯል። አፏን በነጠላዬ ጠረግሁላት።

ቴሜስካል ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው አሮጊቷ ናቸው፤ በመደገፊያቸው እየተጎተቱ። እማማ ደስታ ይባላሉ።

«ነገ አልነበር እንዴ የምትመጪው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ልጅ ይዤ መጣሁ። ልጅ እንደማይፈቅዱ ሰምቻለሁ፤ ለዛሬ ብቻ እባክዎ…»

«ማነው እንደማልፈቅድ የነገረሽ?»

«እትዬ አስቴር።»

«እኔ? እንዲህ ወጣኝ?» መደገፊያቸውን መሬት መቱት። «ልጅ እንዳለሽማ መች ነገረችኝ! ብቸኛ ናት፣ ልጅም ዘመድም የላትም ነው ያለችኝ። በይ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፤ ማሞቂያውን የማቃጥለው ለቴሌግራፍ ጎዳና ነው እንዴ!»

እዚያች ደፍ ላይ ቆሜ ነው ክህደቱ ጠቅላላ የገባኝ። ሳራን ገና ሳልሄድ ከኔ ላይ ፍቀዋታል። ለአሮጊቷ ሳራ የምትባል ልጅ አልነበረችም።

ገብቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ ልትጠይቃቸው የመጣች ነርስ ልጃቸውም አዳመጡኝ። ሳራ ምንጣፉ ላይ አሻንጉሊቷን እንዳቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት። እኩለ ሌሊት ግድም ስልኩ ጮኸ፤ ከሥራ ተመልሳ ያጣችን አስቴር ናት። እማማ ደስታ እጀታውን ሰጡኝ።

«ልጅቷ የት አለች?» ብላ ጮኸች። «ይሄ ነው ውለታዬ? ከቤቴ አስገብቼ፣ አብልቼ፣ አጠጥቼ! እንዲህ ያለ ክህደት!»

አፌ እትዬ ማለት እምቢ አለኝ። «አስቴር፣ ልጄ ከኔ ጋር ናት። ጥያት አልሄድኩም። ደርሰናል። ደህና ነን።» ከዚያ ዘጋሁት።

ፍርድ ቤቱ አልቀረም። ባሌ ከሰሰ፤ ጥላ ሄደች ለማለት ግን ከልጄ ጋር አንድም ቀን ሳልለያይ አገኙኝ፤ ሳራ ከኔው ጋር ቀረች። ሊን አትመሰክርም፤ ለፈተናዋ ወደ አገሯ ተመልሳለች ተባለ። አስቴር ጠይቃት እምቢ ብላ ይሁን፣ ወይም ጊዜዋ ደርሶ፣ እስከዛሬ አላወቅሁም። ፈተናውን ማለፏንም አላወቅሁም። ስለ አስቴር መልሱ ከባድ አልነበረም። ሊንን ግን ከአራቱ ምርጫ የትኛው ላይ እንደማስቀምጣት እስከዛሬ ይቸግረኛል። የወጋችኝም ያስጣለችኝም ያችው ልጅ ናት፤ ወይ ረግሜ አልጨርሳት፣ ወይ መርቄ አልጨርሳት።

ባቡሩ ወደ መውረጃዬ ሲቃረብ ተነሳሁ። ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ መዳፏን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ ሌላ ቃል ይዛለች፤ የመጀመሪያው ላይ አልቀረችም። «በርቺ» አልኳት በእንግሊዝኛ። ደንግጣ ቀና አለችና ፈገግ አለች።

ስወርድ ስልኬ ጮኸ፤ ሳራ ናት፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። ማሚ፣ ደረስሽ ወይ ትላለች። ዘንቦ ኖሮ የዝናቡ ሽታ ከአስፋልቱ ይነሳል።

«ደርሻለሁ ልጄ» አልኳት በአማርኛ። «ደህና ነኝ።»