በእህቴ ደም የተስተካከለው ዜሮ

ታናሽ እህቴ የምትሠራው ካንሰርን ገና ከጅምሩ ከአንዲት ጠብታ ደም የሚያውቅ መሣሪያ በሚሞክሩበት ላቦራቶሪ ነው። መሣሪያው መዳፍ አይሞላም። ጥፍር የምታህል ወረቀት ይሰኩበታል፣ ደም ጠብ ያደርጉበታል፣ ቁጥር ያወጣል። ዜሮ ከሆነ እሰየው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሐኪም ቤት ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

መሣሪያው ዜሮን እንዲያውቅ ጠዋት ጠዋት የጤነኛ ደም ቦታ የሚይዝ ፈሳሽ ያሳዩት ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፈሳሹ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተበላሸ። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እሺ ከማለት በቀር አታውቅም፤ "ለዛሬ የኔን ደም ውሰዱ" ብላ ጣቷን ሰጠች። ለዛሬ የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ! ገና ጋውኗን ሳትቆልፍ ጣቷን ትወጋለች። ባልደረቦቿም "ዜሮ" ብለው ስም አወጡላት። እኔ፣ "ሰው እንዴት ዜሮ ይባላል? አፋቸውን ይያዙ!" ብዬ ስቆጣ እሷ ትስቃለች።

"እትዬ ደግሞ! የጤናዬ ምስክር እኮ ነው" ትለኛለች።

ባለፈው ወር ጉንፋን ያዛት። አለቃዋ፣ "ከታመመ ሰው ደም ጋር አናስተካክልም" ብሎ የራሱን ደም ሰጠ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እህቴ ለቀልድ ጣቷን ወግታ ሞከረችው። አርባ ሦስት አለ። "ዜሮ ከሥልጣን ወረደች!" ብለው ተንከተከቱ። ወረቀቱን ቀየሩ፤ አርባ አንድ። ሌላ መሣሪያ አመጡ፤ አርባ ሦስት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ቤት ስትገባ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን አታታልይኝም!"

ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ነገረችኝ። "ጉንፋኑ ይሆናል" አልኳት። እኔ ምን አውቄ! ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። አለቃዋም ጉንፋኑ እስኪለቃት እንጠብቅ ብሏታልና አሥር ቀን ጠበቅን። ያንን አሥር ቀን ለጠላቴም አልመኝም። እሷ ሳህን እያጠበች ድንገት ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኔ ደግሞ ገና ሳሏን ስሰማ ስፌቴን ጥዬ እነሣለሁ። ጉንፋኑ ለቀቃት፣ ቁጥሩ ግን አልለቀቀም። አርባ አራት ገባ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ለካ በሽታው ቀስ እያለ ሲያድግ መሣሪያው በየጠዋቱ ከሷው ደም ጋር ይስተካከል ነበር። እሷ ስትታመም ዜሮውም አብሯት ታሟል፤ እንደሷ የታመመ ሌላ ሰው ቢመጣም ጤነኛ ይለዋል።

"በገዛ እጄ እየደበቅሁት፣ እትዬ! በየቀኑ!" ብላ ደረቷን መታች።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ማህፀኗ አጠገብ እብጠት ተገኘ። ሐኪሟ፣ "ገና ትንሽ ነው፣ በጊዜ ደርሰሻል፣ ሐሙስ እናወጣዋለን" አለቻት። እኔ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሷ እንባ አልወጣትም።

"በኔ ዜሮ የተመረመሩት ስልሳ ሁለት ሴቶችስ?" አለችኝ። ጤነኛ ናችሁ ብላ በፈገግታ የሸኘቻቸው ናቸው።

አለቃዋ፣ "እኔ ልደውልላቸው" ቢላት፣ "ጣታቸውን የወጋሁት እኔ ነኝ" ብላ ዝርዝሩን ይዛ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ደወለች። አንዷ ሰደበቻት፣ አንዷ መረቀቻት፣ አንዷ ስልኩን ዘጋችባት።

ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ከዚያ በር ሳትወጣ ብትቀርብኝስ እላለሁ በልቤ። ነርሷ ብቅ ብላ ተዘጋጂ አለቻት።

"አንዲት ሴት ቀርታኛለች" አለችና ዓይኔን ሳታይ ደወለች። የኔ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

አውጥቼ አየሁት፤ የሷ ቁጥር ነው። ወይ ጉዴ! ባለፈው ዓመት የስፌት ሱቄ መጥታ፣ "ነይ እስቲ ያንቺንም ልይልሽ" ብላ ጣቴን ወግታኝ ነበር። ዜሮ ነሽ አለችኝ፣ ደስ አለኝ፣ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። በሷ ጭንቀት ጨርሶ ረስቼው ነበር።

"አንሺው" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

አነሳሁት።

"ባለፈው የነገርኩሽ ውጤት ስህተት ሊሆን ይችላል። እባክሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ እንደገና ተመርመሪ" አለች፣ ለሌሎቹ ስትል እንደሰማኋት ቃል በቃል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ፊት ለፊት ልነግርሽ አቃተኝ፣ እትዬ።"

"እሄዳለሁ" አልኳት፣ እኔም በስልኩ።

ነርሷ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ተነሥቼ ልስማት ስል በሩ ተዘጋ፤ ስልኩን ገና ከጆሮዬ አላወረድኩም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራሁት ለሷ ብቻ ነበር።