የአዳማው ኪኒን

ከአዲስ አበባ በባቡር የተነሣሁት መቂ ለምትኖረው እኅቴ ለአስካለ ኪኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ዱቄት ላደርስ ነው። ንዳድ ጥሏታል የሚል መልእክት ደርሶኛል። ለቆላው ሕዝብ በነጻ የሚታደል ኪኒን ከመንግሥት ተልኮ አዳማ ገብቷል ሲባል ሰምቼ ስለ ነበር፣ እግረ መንገዴን ከዚያ እወስዳለሁ ብዬ ከመድኃኒት ቤት ሳልገዛ ነው የወጣሁት።

አዳማ

ኪኒኑ በሚታደልበት መጋዘን ደጃፍ ሕሙማን ጋቢ ተከናንበው በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጣሉ። የመጋዘኑ ሹም የሉም ይባላል፤ ሳቃቸው ግን ከውስጥ ይሰማል። ዘበኛው እጄን አየና፣ «ባዶ እጅህን ነው ደጅ የምትጠናው?» አለኝ። ከገበያ ሙክት ገዝቼ እየጎተትኩ ስመለስ በሩ ወዲያው ተከፈተልኝ።

«ኪኒኑ ለበጉ ኖሯል!» አለች አንዲት በሽተኛ።

ሹሙ ሙክቱን በዓይናቸው መዘኑት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ አይደል ወዳጄ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሆዴ እያረረ አብሬ ሳቅሁ። በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ሰጡኝ፤ ቢጫ ነው።

«ጌታዬ፣ ኪኒን ነጭ አይደለም እንዴ?»

«ቅመሰዋ!»

ቀመስኩት። አንጀት ድረስ ይመራል። እዚህ አገር ኪኒን የሚታወቀው በምላስ ነውና አምኜ ወጣሁ።

ወደ መቂ

በቅሎ ካከራየኝ ከገመዳ ጋር አዋሽን በመልካው ተሻገርን። ምሳችን ዳቦ ቆሎና ከአንድ ጎጆ የለመንነው እርጎ ነበር። ከግራሩ ሥር አዲስ መቃብር በዝቷል። ገመዳ በየደጁ «አካም ጅርቱ?» እያለ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ቤት መልስ የለውም።

«ኪኒን መጥቷል እኮ» አልኩት።

«መምጣቱንማ ሰምተናል። እኛ ግን ሙክት የለንም» አለኝ።

አስካለ መደብ ላይ ተኝታ አገኘኋት። «ጋሼ፣ መጣህልኝ!» አለች። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። ፊቷን አጨማደደችና ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ ይኼ እሬት እኮ ነው። ልጄን ብዙነሽን ጡት ያስጣልኳት በዚህ ነው።»

«ንዳዱ አፍሽን አምርሮት ነው፤ ጠጪ!» ብዬ ተቆጣኋት። እኔን ላለማስከፋት ጨለጠችው፤ በየቀኑም ጠጣችው። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናት። ከቀብር ስመለስ የጠጣችበትን ዋንጫ አነሣሁት፤ ከሥሩ የረጋው የስንዴ ሊጥ ነበር።

መልስ

እናቷን ያጣችውን ብዙነሽን አቅፌ ስመለስ፣ አዳማ ላይ አንድ ገበሬ ያንኑ ጥቅል ይዞ ከመጋዘኑ ሲወጣ አገኘሁት። «እሬት ነው፣ ወንድሜ! ጣለው!» አልኩት። ጫፉን ቀምሶ በንዴት አየኝ። «ይመራል እኮ!» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ።

አዲስ አበባ እንደ ገባን ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። ከመድኃኒት ቤት ነጩን ኪኒን ገዝቼ ሰጠኋት። ገና ምላሷን ሲነካው የእናቷ ጡት ትዝ ብሏት ነው መሰለኝ፣ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔም ቀመስኩት። በምሬቱ ከአዳማው ልለየው አልቻልኩም። ሹም ሲሰርቅ ዱቄቱን ብቻ የሚሰርቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መድኃኒቱን የምናውቅበትንም ምላስ ወስዶብናል። ብዙነሽን እያስለቀስኩ አስዋጥኳት፤ ዳነች። እናቷ ግን የቀመሰችውን ነግራኝ ነበር።