ለሐኪሙ ያልነገርኩት ሥራ

ጉልበቴ የተጎዳው ወልቂጤ፣ በመምህራን የመረብ ኳስ ግጥሚያ ላይ ነው፤ የከተማው ዩኒቨርሲቲ ገና አጥሩ በሚሠራበት ጊዜ። ዘልዬ ስወርድ እግሬ መሬት ያዘ፣ ሰውነቴ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበጠስ በጆሮዬ ሰማሁት።

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የተበጠሰው ጅማት ከራሴ እግር በሚወሰድ ሌላ ጅማት እንደሚተካ አስረዳኝ። ከፊት፣ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ከወሰደ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ቶሎ አያገግምም፣ ስንበረከክም ሊያመኝ ይችላል። ከጭኔ ጀርባ ከወሰደ ለመንበርከኩ ይሻለኛል፤ ተረከዜን የምስብበትና አጥብቄ የምጫንበት ኃይል ግን ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ በእግሬ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ።

«መምህር ነኝ። የምይዘው ጠመኔ ነው» አልኩት።

በጸሎት ጊዜ እንደምንበረከክም ነገርኩት፤ ይህን ለመናገር አላፈርኩም። እንግዲያው ከኋላ እንውሰድ አለ። እንሰት እንደምፍቅ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው፣ መሬት ተቀምጬ እግሬን ሽቅብ እሰቅላለሁ ብሎ መናገር ውርደት መስሎ ታየኝ። ኩራተኛ ነበርኩ፤ ዛሬ ይህን ለማመን አይከብደኝም።

እናቴ የምትኖረው እምድብር አጠገብ ነው። ሴት ልጇ እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ ዓመት ቀኝ ትከሻዋ አልታዘዝ ብሏት ስለነበር የዓመቱ ቆጮዋ የተንጠለጠለው በእኔ ላይ ነበር። ቀዶ ጥገናው ዓመት ሊሞላው ሲል ሐኪሙ የተለመደ ሥራሽን መሥራት ትችያለሽ አለኝና ሄድኩ። እንሰቱ ተነቅሎ፣ የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ጠበቁኝ። የተነቀለ እንሰት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

እንሰት መፋቅ የእጅ ሥራ ይመስላል እንጂ ጭነቱ ያለው እግር ላይ ነው። ዛፍ ላይ የተደገፈ ሳንቃ ፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን ወፍራም ሽፋን ከላይ በተረከዝ ሳንቃው ላይ ጥፍንግ አድርገው ይይዙና በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይፍቃሉ።

የመጀመሪያውን ፋቅሁ። ሁለተኛው ላይ ጭኔ ከኋላ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ ያወራሉ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ተረከዜን እጫናለሁ። እናቴ ወሬውን ትታ እግሬን እያየች ነበር። ማየቷን ስላወቅሁ ቀና አላልኩም። ሦስተኛው ላይ ጡንቻዬን ቀፈደደኝ፤ ሽፋኑ ተንሸራተተ፣ መፋቂያው ቁርጭምጭሚቴን ላጠው።

እናቴ ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችልኝ። ጅማቱ ከየት እንደተወሰደ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት።

«ይህን ሥራ ነግረሽው ነው ከዚህ የወሰደው?»

«አልነገርኩትም።»

«በእኔ አፍረሽ ነው?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ከጎኔ ተቀመጠችና ተረከዟን የእኔ ሽፋን ላይ አሳረፈች። እሷ በእግሯ እየያዘች፣ እኔ በእጄ እየፋቅሁ፣ ለሁለት የአንድ ሴት ሥራ ሠራን።

ለክትትል ስሄድ አብራኝ መጣች። ለሐኪሙ እንሰት መፋቅ እንዳቃተኝ ነገርኩት። እንዴት እንደሚፋቅ ሲጠይቀኝ ጫማዬን አውልቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተረከዜንም ግድግዳው ላይ ጫንኩ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ የጭኔን ጀርባ ዳሰሰ።

«ይህን ቀድመሽ ብታሳዪኝ ከፊት እወስድልሽ ነበር» አለኝ።

በየቀኑ እንደዚሁ ግድግዳ እየተጫንኩ እንድለማመድ አዘዘኝ፤ ኃይሌ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ቃል ሊገባልኝ አልቻለም። ልነሳ ስል እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የራሷን እግር ከእግሬ ጎን ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

«ተረከዝሽን ከፍ አድርጊው» አለችኝ፣ «እኔ ያስተማርኩሽ እንዲህ አይደለም።»